የሽንኩርቱ ገንዘብና የጌም ላፕቶፑ

ባለፈው ዓመት በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። ርብ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ታናሽ ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ቤቴ ጎራ አለና፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቅ «እታለም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህ ልጅ እያታለለኝ ይሁን አይሁን ፍረጂኝ» አለኝ። ልጅ የሚለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና የሚማረውን የበኩር ልጁን ነው። ልጁ ላፕቶፕ ግዛልኝ ብሎታል። ወንድሜን ያስቆጣው ላፕቶፕ መባሉ አይደለም፤ ዓይነቱን ሲጠይቅ «የጌም ላፕቶፕ ነው» መባሉ ነው።

«ጌም ማለት እዚህ ወረታ ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው ብር እየከፈሉ የሚጫወቱት ኳስ አይደል? እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ሽንኩርት የኮተኮትኩት ለኳስ ነው?»

ዋጋውን ሲነግረኝ እኔም ስኒውን አስቀመጥኩ። ስድስት አሃዝ ነው። የሁለት የእርሻ በሬ ገንዘብ ማለት ነው፤ ያውም የፎገራ በሬ።

በነርሲንግ ዲፕሎማ ተመርቄ፣ ዕድሜዬን በአብዛኛው በዚህ ሜዳ ላይ የወባ በሽተኛ ሳክምና ሕፃናት ስከትብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው በሥራ ዘመኔ ማብቂያ ላይ ሪፖርት የምንሞላበትን ያህል ነው። ግን ዕቃ ማወዳደር አውቃለሁ። በአንድ ወቅት እሠራበት ለነበረው ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ መጣልን። ነጭ፣ ሰፊ፣ የሚያምር ነበር። በጋዝ የሚሠራውንና ጥላሸት የሚተፋውን አሮጌውን ወደ ጥግ ገፋነውና በአዲሱ ተደሰትን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን እየለካን እንመዘግባለን። መብራት በጠፋ በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው 14 ይላል። አሮጌው ግን ጋዝ እስካልጨረሰ ድረስ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም መሣሪያ ሳይ «ወረታ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ምን ትሆናለህ?» ብዬ የመጠየቅ ልማድ ያዘኝ። ስለዚህ ለወንድሜ «ገንዘቡን አስቀምጥ፤ ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

መጀመሪያ ልጁን ነው የመረመርኩት። ቅዳሜ ከባሕር ዳር ሲመጣ ብቻችንን ተቀመጥንና «እውነቱን ንገረኝ፤ ለትምህርትህ ይህ ያስፈልግሃል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቆየና «አክስቴ፣ ለትምህርቱ ብቻ ቢሆን አያስፈልገኝም» አለኝ። በአውቶካድ መስመር ለመሣልና የሕንፃ ጥንካሬ በኢታብስ ለማስላት ጥሩ ፕሮሰሰርና በቂ ራም ይበቃል፤ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ግድ አይደለም። የሚፈልገው ለሌላ ነገር ነው። ቤት ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች ቤታቸው ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በሥዕል ማየት ይፈልጋሉ። ሉሚዮን በሚባለው ፕሮግራም ከነዛፉ፣ ከነጥላው፣ ከነመስኮቱ ነጸብራቅ ሠርቶ የሚያሳያቸው ሰው ይከፈለዋል። ከክፍሉ ሁለት ልጆች ይህን እየሠሩ ኪሳቸውን ችለዋል፤ እሱ በእነሱ ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት እየተዋሰ ተምሮታል። «ጌሙስ?» አልኩት። «እሱንም እጫወታለሁ» አለ። ይህን በማለቱ ነው የቀረውን ያመንኩት።

እዚህ ላይ ለወላጆች ልብ የሚያሳርፍ ነገር ልንገራችሁ። የጌም ላፕቶፕ የሚለው ስም ስለ ገበያው እንጂ ስለ ሥራው አይናገርም። ከተራው ላፕቶፕ የሚለየው የራሱ ማስታወሻ ያለው፣ ሥዕል ብቻ የሚያሰላ ሁለተኛ አንጎል ስላለው ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የሚባለው እሱ ነው። ጌም ውስጥ የሚሮጠውን ተጫዋች በሰከንድ ከስልሳ ጊዜ በላይ እየደጋገመ የሚስለው ይህ ክፍል፣ የሕንፃ ሥዕል የሚያወጣውም፣ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም ራሱ ነው። ደግሞ ጌም ራሱ ሥራ ሆኗል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ለስልክ የሠራው እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ በሚሠሩ ባለሙያዎች ነው።

ወደ ማወዳደሩ ስንገባ፣ ደብተር ይዤ ከልጁ ጋር ባሕር ዳር ሄድኩ። ከወረታ ስልሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። አዲስ አበባ የሚሸጡትን ደግሞ ልጁ በቴሌግራም ያሳየኝ ነበር። የሱቆቹን ስም አልጽፍም፤ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ጨዋ ልጅ ነው። «ማዘር፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝና «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ጌምም ዲዛይንም ያነሣል» እያለ አንድ ዩዝድ ላፕቶፕ ከፈተልን። ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለነበር ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ልጁ ግን ታስክ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። የፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ዩ የሚል ፊደል አለ። ዩ ማለት ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ በዝቅተኛ ኃይል የሚሠራ ማለት ነው። ኤች ወይም ኤችኤክስ የሚል ፊደል ያለው ነው ለከባድ ሥራ የተሠራው። ስለዚህ ኤች ያለው «አይ ፋይቭ»፣ ዩ ያለውን «አይ ሰቨን» በከባድ ሥራ ሊበልጠው ይችላል። ሌላም አለ፤ የግራፊክስ ካርዱ ቦታ ላይ የነበረው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው እንጂ የተለየ አልነበረም። ሞዴሉም የቆየ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉት አይቀበሉም፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ የደኅንነት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሻጩን ይህን ስንነግረው አልተቆጣም፤ «እህ፣ ያውቃሉ ለካ» አለና ሌላ አወጣ።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ስም ትንሽ ላብራራ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነውና። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ አርቲኤክስ 3050፣ 3060፣ 4050፣ 4060 እያለ ይጠራቸዋል። የፊተኛዎቹ ሁለት አሃዞች ትውልዱን፣ የኋለኞቹ ደረጃውን ይናገራሉ። እንደ ቤተሰብ ነው፤ የአዲሱ ትውልድ ታናሽ ከአሮጌው ትውልድ ታላቅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊቆም ይችላል። ግን ስም ብቻውን አይበቃም። አንድ ዓይነት ስም ያለው ካርድ በተለያየ ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ ኃይል ይሰጠዋል። የላፕቶፑ 4060 በኩባንያው መግለጫ ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ባለው መካከል ነው የሚሠራው። ቀጭንና ቀላል የሆነው ላፕቶፕ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ዝቅተኛውን ይሰጠዋል። ይህ መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑ ግን የተለያየ እንደማለት ነው፤ ሐኪም ካርዱ ላይ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ጽፎ ሚሊግራሙን ቢተው የምንሰጠው ነርሶች ምን እንል ነበር?

ሌላው የካርዱ የራሱ ማስታወሻ ነው። የላፕቶፕ 3050 በአብዛኛው 4 ጊጋባይት፣ 3060ና 4050 6፣ 4060 ደግሞ 8 ጊጋባይት ይይዛሉ። የሕንፃው ሥዕል ዛፍና ሣር እየበዛበት ሲሄድ ይህ ማስታወሻ ይሞላና ወይ ይንቀራፈፋል፣ ወይ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ራም በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ ሃርድ ዲስክም እንዲሁ። የግራፊክስ ካርዱ ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ የገዛኸው ያው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ራሙ 8 ይሁንና ካርዱ ይሻል። ይህን ምክር በራሴ አልደረስኩበትም፤ ልጁ ነው የነገረኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ወንድሜ በሬ ሲገዛ አጥንቱን አይቶ «ሥጋውን እኔ እሞላዋለሁ» ከሚለው ጋር አንድ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። አንደኛው አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኤችፒ ቪክተስ ነው፤ 3050 ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ሁለተኛው ዩዝድ ሌኖቮ ሌጅን 5 ነው፤ ራይዘን 7 ፕሮሰሰር፣ 3060 ካርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም። ሦስተኛው አዲስ አሱስ ታፍ ባለ 4060 ነው። የሦስተኛው ዋጋ ከሽንኩርቱ ገንዘብ ስለሚያልፍ ወዲያው ከደብተሬ ሰረዝኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት አስቦበት የነበረ ወላጅ ሦስተኛውንም ይችለው ነበር ይሆናል። የሁለቱ ዋጋ ግን ተቀራራቢ ነበር። አዲስ ግን ደካማ፣ ወይስ ያገለገለ ግን ጠንካራ?

የአብዛኛው እናት ልብ ወደ አዲሱ ነው የሚሄደው። የእኔም እንዲሁ። ልጁ ግን ሌጅኑን አጥብቆ ፈለገ፤ እኔም «እሺ፣ እንደ በሽተኛ እንመርምረው» አልኩ። ሻጩን አስፈቅደን ላፕቶፑን ለግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አስጀመርነው። ማንኛውም ላፕቶፕ ለአምስት ደቂቃ ጎበዝ ነው። ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተን በየአምስት ደቂቃው እኔ ደብተር ላይ መዘገብኩ፤ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኛው 97 ደርሶ ቆመና ፍጥነቱ ወረደ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ሻጩ ግን ከኋላ ዊንጮቹን ፈትቶ ማራገቢያውን ሲያሳየን ጥጥ የሚመስል አቧራ ደፍኖታል። አጸዳው፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ቀየረው። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ከ86 አላለፈም። ይህን ምርመራ እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ባትሪውንም ለካነው። ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲሠራ ይይዝ የነበረው 80 ዋት ሰዓት፣ አሁን ሞልቶ የሚይዘው 61 ነው። ወደ 76 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ሰበብ ዋጋ አስቀነስን። ከዚያ ስክሪኑን ነጭ አድርገን ነጠብጣብ ፈለግን፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ነካን፣ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን አየን። ቻርጀሩ 230 ዋት ነው፤ ጡብ ያህላል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር ተሰክቶበት የሚሸጥ ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይሞላም፣ የሚሞላውም በሥራ ላይ ይዳከማል።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣዬ ጥያቄ ልመለስ። የጌም ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ይደክማል። ባትሪ ላይ ሲሆን ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው ኃይል ስለሚቀንስ ሥዕል የማውጣት ሥራ እጅግ ይንቀራፈፋል፤ ከባድ ሥራ ላይ ከቆየም ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላውም። ማንበብና መጻፍ ብቻ ከሆነ ይቆያል። ስለዚህ በባትሪ ሌሊቱን ሙሉ እሠራለሁ ብሎ የሚያስብ አይግዛ። ለወንድሜ ደግሞ ግልጽ ያደረግኩለት ነገር አለ፤ ገጠር ቤቱ ያለው ስልክና አምፖል የሚሞላ ትንሽ ሶላር ለዚህ አይሆንም። ልጁ ክረምት ቤተሰቡ ጋ ሲገባ ላፕቶፑ እኔ ጋ ወረታ ይቀራል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ገመዱን መንቀል፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ግድ ነው፤ ሲመጣ ከፍ ብሎ የመጣ መብራት የጎረቤቴን ቴሌቪዥን እንዳቃጠለ አይቻለሁ። ስለ መብራት ሒሳብ ግን አትጨነቁ። 200 ዋት እየበላ አራት ሰዓት ቢሠራ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ እንጀራ ስንጋግር ምጣዱ በአንድ ሰዓት ከሚበላው ሩብ ያህሉ።

ወረታ ላይ ሌላ ጠላት አለ፤ የሩዝ ገለባ። ሰፈሬ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አይርቅም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያ ቀላል ወርቃማ ብናኝ መስኮት ይዘጋ አይዘጋ ይገባል። ሰው ያስነጥሰዋል፣ ማራገቢያውን ይደፍነዋል። ላፕቶፑን አልጋ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ደግሞ አፍንጫውን ማፈን ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጭን ላይም አይሁን። እሳት ዳር ብዙ የሚቀመጡ እናቶቻችን ባታቸው ላይ የሚወጣውን መረብ የመሰለ ቀይና ጥቁር ምልክት ታውቁታላችሁ፤ የጋለ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሰዓታት የሚቆዩ ወጣቶች ላይም ያው ምልክት ይወጣል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «ከአሜሪካ ይምጣልኝ» ትሉ ይሆናል። እኛም አስበን ነበር። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ እኛ አገር ይሠራል፤ የሶኬቱ ጥርስ ብቻ ይለያል። ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት ካልበለጠ በእጅ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ይገባል፤ በዚህ ምክንያት አምራቾቹ 99.9 ላይ ይቆማሉ። ከዱባይ የሚመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ቁልፋቸው ላይ የዓረብኛ ፊደል አለባቸው፤ ጉዳት የለውም። እኛን ያስቆመን ሲበላሽ ለማን እንመልሰዋለን የሚለው ነው። ባሕር ዳር የገዛነው ሻጭ በጽሑፍ የሦስት ወር ዋስትና ሰጥቶናል፤ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ይህን ልትሰጠኝ አትችልም።

ወንድሜ ጋር የቀረው ጉዳይ የጌሙ ነው። አልሸፈንኩለትም፤ «ይጫወታል» አልኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ በበሽታነት ገብቷል። ግን የተጫወተ ሁሉ ታማሚ አይደለም። መለኪያው መቆጣጠር አለመቻሉ፣ ጌም ከትምህርት፣ ከእንቅልፍ፣ ከሰው መቅደሙና ጉዳቱ እየታየ እንኳ መቀጠሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለዓመት ያህል የቆየ መሆን አለበት። «ልጅህ ሲጠሩት ይነሣል? ይበላል? ይተኛል? ውጤቱ ወርዷል?» ብዬ ጠየቅኩት። አሰበና «ሽንኩርት ሲነቀል ከሁላችን ቀድሞ ነው የሚነሣው» አለ። ቢሆንም እኔ የራሴን ሕግ አስቀምጫለሁ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሲሠራም በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ሩቅ ይመለከታል፤ ዓይን እንደ ጡንቻ ይደክማል።

ወንድሜን ያሳመነው ግን የእኔ ንግግር አይመስለኝም። ደብተሩን ሲያይ ነው። ማንበብ ባይሆንለትም መስመሮቹን፣ የሙቀቱን ቁጥር፣ የተሰረዘውን ዋጋ እያሳየሁ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እሱም አዲስ የሩዝ ዘር ሲመጣ ከጎረቤት ማሳ ላይ አንድ ክረምት ሳያይ ኤክስ ጅግናውን ለመተው እሺ ያላለ ሰው ነው። «አይተሻል ማለት ነው» አለና ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ግማሹ ብድር ነው፣ ልጁ በሥዕሉ ሠርቶ ይመልሳል።

ሌጅኑን ግንቦት መጀመሪያ ላይ ገዛን። እስከ አሁን ሦስት ቤት ሥሏል፤ አንዱ እዚሁ ወረታ የሚሠራ የሩዝ ነጋዴ ቤት ነው። ከብድሩ አንድ አምስተኛውን መልሷል፤ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ወንድሜ ሁለት ቀን እኔ ጋ አደረ። ማታ ልጁ የኳስ ጌም ከፍቶ ሲጫወት አባቱ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ቆየና በክርኑ ደገፍ ብሎ ተነሣ። «ያ ቀይ የለበሰው ለምን አያቀብለውም?» አለ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ሳቅ አለ። መልስ ሳይሰጠው መብራት ጠፋ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ገመዱን ሊነቅሉ ተንጠራሩ።